ሻጩ ዋጋውን ቀይሮ ፈርሞ ሲመልስላችሁ

ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ውል፣ ማመልከቻና ክስ እጽፋለሁ። ሰው ራፖር ጸሐፊ ይለኛል። በታይፕራይተር ነው የጀመርኩት። አሁን አንድ ኮምፒውተርና ቀለሙ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ፕሪንተር አለኝ። የስንት ሰው ቤት ሽያጭ እንደጻፍኩ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። የራሴን ግን አበላሽቻለሁ፤ ዛሬ የምጽፈውም እሱ ስላንገበገበኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰውዬ ሦስት ክፍል ቤት ይሸጥ ነበር። ግቢው 200 ካሬ ነው፤ ጥግ ላይ አንድ ጌሾ አለ፤ ባለቤቴ ጌሾውን አይታ ወደደችው። እኔ በወረቀት «በ1,900,000 ብር ልግዛ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። እሱ እዚያው ወረቀት ላይ የኔን ቁጥር በእስክሪብቶ ሰረዘና 2,100,000 ብሎ ጻፈ። ከጎኑ «እስከ ቅዳሜ 6 ሰዓት» ብሎ ጨመረ። ፈረመ። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ሐሙስን ከባለቤቴ ጋር ስንሟገት ዋልን። ዓርብ ማታ ቆረጥን። እኔም በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦ «በ2,100,000 ተስማምቻለሁ። ነገር ግን የስም ማዛወሪያውን ወጪ እኩል እንካፈላለን።» ታይቷል። መልስ የለም። ቅዳሜ በ4 ሰዓት ደጁ ስደርስ ቤቱ ተሸጧል። ሌላ ሰው 50,000 ብር ጨምሮበት ወስዶታል።

ጮህኩ። «ፈርመህልኛል! ቀኑም ገና ነው!» አልኩት። እሱም ወረቀቱን ሳይሆን ስልኩን አውጥቶ የኔን መልእክት አሳየኝ። ሰኞ ጠዋት አንድ ጠበቃ ወዳጄ ጋ ሄጄ ሁለቱንም አስነበብኩት። ሳቀብኝ። «ፊርማው የሱ ነው፤ ያፈረስከው ግን አንተ ነህ» አለኝ።

ሕጉ የሚለው እውነትም ይኸው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1694 ላይ፣ የቀረበለትን ሐሳብ፣ ማለትም «በዚህ ዋጋ ልግዛ» ወይም «ልሽጥ» የሚለውን ጥያቄ፣ ቀይሮ ወይም ቅድመ ሁኔታ ጨምሮ «ተቀበልኩ» የሚል ሰው የቀረበለትን እንዳልተቀበለ ይቆጠራል። ያ መልሱ ራሱ አዲስ ሐሳብ ይሆናል። ኳሷ ተመልሳ ወደ ሌላው ሰው እግር ትሄዳለች ማለት ነው። የሰውዬው 2,100,000 ያለው ጽሑፍ በ1694 ሲታይ የኔን 1,900,000 ገድሎ የተወለደ አዲስ ሐሳብ ነበር። የኔ «እኩል እንካፈላለን» ደግሞ የሱን ገደለ። ዓርብ ማታ እኔ ላክ የሚለውን ስጫን ሰውዬው ነፃ ወጣ። አሁን እምቢ ወይም እሺ ማለት የሱ ፋንታ ነው፤ ዝም ማለትም ይችላል። ዝምታ ደግሞ በቁጥር 1682 እሺታ አይደለም።

እንግዲህ እጃችሁ ላይ ሻጭ ቀይሮ የፈረመበት ወረቀት ካለ መጀመሪያ ይህንን እወቁ። ያ ወረቀት ውል አይደለም። የሻጩ ሐሳብ ነው። ፊርማው ሐሳቡ የሱ መሆኑን ያሳያል እንጂ ቤቱ የናንተ መሆኑን አያሳይም።

ታዲያ ፈራሚው በምንም አልታሰረም ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ጋ ሕጋችን ለገዥ ትንሽ ደግ ነው። ቁጥር 1690 እንደሚለው ሐሳቡን ሲያቀርብ የጊዜ ገደብ የሰጠ ሰው እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሐሳቡ ይታሰራል። ገደብ ካልሰጠ ደግሞ ቁጥር 1691 አለ፤ ከሌላው ወገን መልስ ይመጣል ተብሎ በተገቢው ሊጠበቅ የሚችልበት ጊዜ እስኪያልፍ ታስሮ ይቆያል። ያ «ተገቢ ጊዜ» ሦስት ቀን ይሁን ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ የሚያከራክር ነገር ነው። ስለዚህ ሻጩ ሲፈርም ቀን ያላስቀመጠ እንደሆነ እዚያው «ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው?» በሉት። አስጽፉት። ቀኑንም ሰዓቱንም። «6 ሰዓት» ብቻ አይበቃም፤ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ይባል። ገዥው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከሆነ ደግሞ የዓመተ ምሕረቱንም ነገር ግልጽ አድርጉት። በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ በሐበሻ የተነበበ ቀን አንድ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቦ ወንድማማች አጣልቷል።

ስለ ውጭ አገር ካነሳሁ፣ ሜሪላንድ ያለው ታላቅ ወንድሜ ያን ሰሞን ስልክ ላይ ከኔ በላይ ተቆጥቶ ነበር። «ካውንተር ኦፈር ፈርሞ ሰጥቶህ? ክሰሰው እንጂ!» ይለኛል፤ የሻጭን የመልስ ዋጋ ማለቱ ነው። እሱ እዚያ ቤት ሲገዛ ሻጯ ዋጋ ጨምራ፣ ፈርማ ልካለት፣ እሱም ያንኑ ወረቀት ሳይነካ ፈርሞ መልሶላት ጉዳዩ በዚያው ታስሮ ነበር። ልብ በሉ፣ «ሳይነካ»። እዚያም ቢሆን አንዲት መስመር ቢጨምር ኖሮ የሻጯ ሐሳብ ይወድቅ ነበር። ይህን ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «እሱስ ልክ ነህ» አለ። እንዲያውም በአንድ ነገር የነሱ ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ በጥቅሉ ሻጭ «እስከ ቅዳሜ» ብሎ ቢፈርም እንኳ፣ ጊዜውን ክፍት ለማቆየት ዋጋ ካልተከፈለው በቀር፣ ገዥው ተቀብሎ መልሱን ከማድረሱ በፊት ሐሳቡን ማንሳት ይችላል። በኛ ሕግ ግን የገደበው ጊዜ ያስረዋል። ስለዚህ ከዚያ ያለ ዘመድ በስልክ የሚሰጣችሁን የቤት ምክር በጆሮ ስሙት፣ በእጅ ግን አትጻፉት።

አሁን ወደ አጻጻፉ። የሻጩን የመልስ ዋጋ ለመቀበል ከወሰናችሁ መልሳችሁ አጭር ይሁን። እኔ አሁን ለደንበኛ የምጽፈው ይህንን ነው፦

«በ… ቀን በፈረሙበት ጽሑፍ፣ በ… ከተማ ቀበሌ … የሚገኘውን፣ የካርታ ቁጥሩ … የሆነውን ቤት በብር 2,100,000 (ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ) ለመሸጥ ያቀረቡልኝን ሐሳብ እንዳለ ተቀብያለሁ። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበን ለመፈራረም ዝግጁ ነኝ።»

አራት ነጥብ። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶው ይቀመጥ። «ነገር ግን»፣ «ሆኖም»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላት ከመጡባችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ስም ማዛወሪያው ማን ላይ ይሆናል? ቤቱ መቼ ይለቀቃል? ቆጣሪው ላይ ያለው የመብራት ውዝፍ የማን ነው? ይህን ሁሉ «ተቀብያለሁ» ከማለታችሁ በፊት በቃል ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳብ አያፈርስም። «ይህ ከሆነ እሺ» ማለት ግን ያፈርሳል። እኔ ዓርብ ማታ ደውዬ «ጋሼ፣ የስም ማዛወሪያውን እንዴት አስበውታል?» ብል ኖሮ ጌሾው ዛሬ የኛ ነበር።

የተሰረዘ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ደግሞ አትቀበሉ። አንድ ወረቀት ላይ የገዥ 1,900,000 ተሰርዞ፣ የሻጭ 2,100,000 ተጽፎ፣ ገዥ ደግሞ 2,000,000 ብሎ ከታች ጨምሮበት፣ ሁሉም ፊርማ አኑሮበት አይቻለሁ። የቱ ፊርማ የቱን ቁጥር ነው የተቀበለው? እኛ ጎጃሞች ቅኔ እንወዳለን፤ የቅኔ ቤቶቹ ዲማና ዋሸራ ከመንደራችን ሩቅ አይደሉም። ወርቁ ተደብቆ ሰሙ ሲታይ ደስ ይለናል። ቤት ሽያጭ ላይ ግን ወርቁ ፊት ለፊት ይውጣ። ዋጋ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ነጭ ወረቀት አውጥታችሁ ከላይ ጀምሩ። አንድ ገጽ ማስጻፍ ስንት ነው? ከአንድ ቡና አይበልጥም።

መልሳችሁ እንዴት እንደደረሰም አስቡ። በእጅ ከሰጣችሁ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በቴሌግራም ከሆነ የሱንም የናንተንም መልእክት ከነቀኑና ከነሰዓቱ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። በቁጥር 1692 ፊት ለፊት ባልተገናኙ ሰዎች መካከል ውሉ ተደረገ የሚባለው መቀበሉ ለሐሳብ አቅራቢው በተላከበት ቦታና ጊዜ ነው። ስለዚህ የላካችሁበት ሰዓት ጌጥ አይደለም።

እዚህ ድረስ ያወራሁት ለበሬም፣ ለጤፍም፣ ለሞተር ሳይክልም ይሠራል። ቤት ግን ሌላ መሰላል አለው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል። ቁጥር 1723 ደግሞ ጽሑፉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል፤ ዛሬ ይህን የሚሠራው ሰነዶች ማረጋገጫ ነው። ቁጥር 1727 ሁለት ምስክር ይጨምራል። ሕጉ ያዘዘው ፎርም፣ ማለትም ይህ የአጻጻፍና የምዝገባ ሥርዓት፣ ካልተሟላ ደግሞ ቁጥር 1720 ያ ነገር ውል ሳይሆን ረቂቅ ነው ይላል። ረቂቅ! ስንት ሰው ረቂቁን ካዝና ውስጥ ቆልፎ ይተኛል።

«ግዴለም፣ ለጊዜው የስምምነት ውል እንፈራረምና ዋናውን በኋላ» የሚል ደላላም አለ። ቁጥር 1721 እሱንም አይቶታል። ለዋናው ውል የተደነገገው ፎርም ለቅድመ ውሉም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሻጩ ቀይሮ ፈርሞ፣ እናንተም እንዳለ ተቀብላችሁ ፈርማችሁ፣ ገና ሰነዶች ማረጋገጫ ሳትደርሱ ሰውዬው ሐሳቡን ቢቀይርስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልሱ አንድ አይደለም። ምዝገባው የግድ ነው፣ ካልተመዘገበ ውል የለም የሚሉ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች አሉ። ሻጩ መሸጡን ካልካደ የምዝገባ አለመኖር ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም የሚሉም አሉ። ጠበቆች የሚሟገቱበት ክፍተት ይኸ ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ከጠረጴዛዬ ማዶ የማየው ግን ያልተመዘገበ ወረቀት ይዞ «ቤቱን አስረክበኝ» ብሎ የሚከስ ሰው ዳገት እየወጣ መሆኑን ነው። አንዳንዱ ይወጣዋል። ብዙው ግማሽ መንገድ ላይ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል።

ውላችን ግርጌ ላይ ሁላችንም «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» ብለን እንጽፋለን። እኔም እጽፋለሁ። ደንበኛ ካላየው ውሉ ያላለቀ ይመስለዋል፤ እንደ አሜን ነው። ግን 1731 የሚለው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ነው። «በሕግ አግባብ የተቋቋመ» የሚለውን ዘለን ነው የምናነበው። ቁጥሩን መጻፍ ረቂቁን ውል አያደርገውም።

ቀብድ ሌላው ጉድ ነው። ሻጭ የመልስ ዋጋውን ከፈረመ በኋላ «በል ትንሽ ነገር አስይዝ» ይላል፤ ገዥም 100,000 ይሰጣል። ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። በቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ሻጭን በደንብ ይይዛል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። «ቅድሚያ ክፍያ» ወይም «ከሽያጩ ላይ የተከፈለ» ካላችሁት እጥፉን ለመጠየቅ ስትነሱ ክርክር ይከፈታል። ሁለተኛ፣ ሽያጩ ራሱ በፎርም ጉድለት ከወደቀ እጥፉም አብሮ ሊወድቅ ይችላል፤ ያኔ የሚመለሰው የሰጣችሁት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከሰነዶች ማረጋገጫ በፊት የምትሰጡ ከሆነ ቢጠፋ የማያስለቅሳችሁ ልክ ይሁን። ገንዘቡም በባንክ ይለፍ እንጂ በፌስታል አይሁን።

ማን ነው የፈረመው? ይህንን ከዋጋው በፊት ማየት ነበረብኝ፤ እናንተ ግን አስቀድሙት። ባለትዳር ከሆነ የባልም የሚስትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። የጋራ የሆነ ቤት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም። ባል በኩራት 2,100,000 ብሎ ቢፈርምላችሁ «እትዬስ?» በሉ። እሷ ካልፈረመች ግማሹን ቤት እንኳ አልገዛችሁም።

ጣት የሚያትም ሰው ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። አንዲት መነኩሲት ደጀን መንገድ ላይ ያለ ቤታቸውን ሊሸጡ፣ ደላላው በለወጠው ዋጋ ላይ አውራ ጣታቸውን አስነክቷቸው ገዥው ያን ይዞ መጣ። «እማሆይ ታስረዋል አይደል?» አለኝ። አልታሰሩም። ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በሥራ ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ደግ ሕግ ነው። እማሆይም ከዚያ በኋላ በተረጋጋ መንፈስ፣ በተሻለ ዋጋ፣ ቢሮ ቀርበው ለዚያው ሰው ሸጡለት።

ከከተማ ዳር ያለ የእርሻ መሬትን «ሸጥኩልህ» ብሎ ለሚፈርም ሰው የምለው አጭር ነው። አትቀበሉ። መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። የቱም ፊርማ፣ የቱም ቀነ ገደብ እሱን አያድነውም። እኔም አልጽፍም፤ ሌላ ጋ ሂዱ እላለሁ።

አንዴ ሐሳቡና መቀበሉ ከገጠሙ ሩጡ። ቀጠሮውን በሳምንት አታስረዝሙ። በዋዜማው ከማዘጋጃ ቤት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይውጣ። ሻጭ ዋናውን ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ መታወቂያና የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይያዝ። እናንተም መታወቂያችሁን ያዙ። ምስክሮቹ ማታውኑ ይነገራቸው፤ ጠዋት መንገድ ላይ ሰው መለመን ያሳፍራል። ቢሮ ፊት ከመፈረማችሁ በፊት ዋጋውን በፊደልም በአኃዝም ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ከዚያ ወጥታችሁ ምሳ አትብሉ። ስም ማዛወሩን በዚያው ቀን ጀምሩ። ቁጥር 2878 የቤት ሽያጭ ቤቱ በሚገኝበት ቦታ ባለው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ ሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም ይላል። ሻጩ ያንኑ ቤት ለሌላ ደግሞ ሸጦት ያኛው ሰው ቀድሟችሁ ስሙን ካዞረ፣ እናንተ ውል ይዛችሁ እሱ ቤት ይዞ ትከራከራላችሁ።

ያ ሰውዬ አሁንም ቢሮዬ ፊት ለፊት ያልፋል፤ ሰላም እንባባላለን። ባለፈው ወር ሌላ ቤት ሊሸጥ መጣና «አንተው ጻፍልኝ» አለኝ። ገዥው በሰጠው ወረቀት ላይ ዋጋውን ሊሰርዝ እስክሪብቶውን ሲያነሳ ቀምቼ አዲስ ወረቀት ሰጠሁት።